በግ ያለ እረኛ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። የዛሬው ወሬዬ ስለ አንዲት የይርጋለም ልጅ ነው። «ስሜን እንዳታነሳ፣ አደራህን» ብላኛለች። አደራ በላ መባልን አልወድምና እንዲሁ ልጅቱ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ልጅቱ ኖርዌይ ውስጥ ከኦስሎ በአውቶቡስ ወደ ምዕራብ ትጓዛለች። መድረሻዋ ሶግንዳል የሚባል የገጠር ከተማ ነው፤ መንገዱ 7 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ጫካው አለፈ፣ ሐይቁ አለፈ፣ ራሰ በራው ተራራ መጣ፤ እሷም በበረራ የደከመ ዓይኗን ጨፈነች። ስትነቃ ዓለም ሰማያዊ ሆኗል። ሰማይ የለም፣ ዛፍ የለም። ግድግዳው ድንጋይ፣ ብርሃኑ ሰማያዊ፣ ከሥር ከሥሩ ደግሞ ጎህ ሊቀድ ያለ ይመስል ቢጫ ይላል። «ሞቼ ይሆን እንዴ?» አለች በሆዷ። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ሹራብ ይሠራሉ፤ ቀና ብለውም አላዩ። በሰማይ ቤት ሹራብ አይሠራም ብላ ተጽናናች።

ነገሩ ወዲህ ነው። አውቶቡሱ ያን ቀን በሌላ መንገድ ዞሮ ነበርና ያለው ሌርዳል ዋሻ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የተከፈተ፣ 24.5 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ በርዝመቱ በዓለም ቀዳሚ የሆነ የመኪና ዋሻ። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ሰበታ እስክትገቡ ከራሳችሁ በላይ ተራራ ብቻ ነው በሉት። መሐንዲሶቹ «ይህን ያህል መንገድ በጨለማ የነዳ ሰው ያንቀላፋል» ብለው ሰጉና በመካከሉ ሦስት ሰፋፊ አዳራሾች ፈልፍለው በሰማያዊና በቢጫ መብራት አደመቋቸው። ሹፌሩን እንዲያነቃ የተሠራው መብራት የእኛን ልጅ ነፍሷን ሊያወጣት ደረሰ።

ከዚያ ደግሞ አውቶቡሱ ከነተሳፋሪው ጀልባ ላይ ወጣ። ውሃው ሶግነፊዮርድ ይባላል፤ ባሕሩ ተራራ ለተራራ 205 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ዘልቆ የገባበት ነው፤ ጥልቀቱ አንዳንድ ቦታ 1,300 ሜትር ያልፋል። ከወዲያ ማዶ ወርደው ትንሽ እንደነዱ ሶግንዳል ደረሱ። ለከተማነት ብትመዝኗት ይርጋለም ትበልጣታለች።

እዚያ ምን ልትሠራ ሄደች? የምዕራብ ኖርዌይ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በሶግንዳል ግቢው የአየር ንብረት ለውጥ አስተዳደርን በእንግሊዝኛ በማስተርስ ደረጃ ያስተምራል። በዚያን ጊዜ የኖርዌይ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ አገሩን ተማሪም የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም ነበር። ከእ.ኤ.አ. 2023 መኸር ጀምሮ ግን ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጣው ክፍያ ተጣለበት። ልጅቱ የገባችው ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ነው፤ በሩ ሲዘጋ ቀሚሷ እንዳይያዝ ሰብስባ ነው ያለፈችው። ቢሆንም ለዓመት የሚያኖር ገንዘብ እንዳላት ማሳየት ነበረባት፤ እሱን ዋሽንግተን ያለው አጎቷ ቻለላት። ከእሷ በኋላ ለሚመጡት አጎት ብቻ አይበቃም። ሀብታም አገር በሩን ለድሃ አገር ልጅ ማጥበቡን እኔ በበጎ አላየውም፤ ይህን ተናግሬ ልለፍ።

መጀመሪያ የሚያስፈልጋት ቁጥር ነበር፤ 11 አሃዝ ያለው የግል መለያ ቁጥር። ቁጥሩ ከሌለ የባንክ ሒሳብ የለም። የባንክ ሒሳብ ከሌለ ባንክአይዲ የሚሉት የኤሌክትሮኒክ መታወቂያ የለም። እሱ ከሌለ ቪፕስ የለም፤ ቪፕስ የእነሱ ቴሌብር ነው። ቪፕስ የሌለው ሰው እግር ኳስ ሜዳ ዳር ልጆች የሚሸጡትን ዋፍል ሽታውን ብቻ ነው የሚቀምሰው። ልጅቱም ቁጥሩ እስኪመጣ ብዙ ዋፍል አሸተተች።

አስተማሪዋን በስሙ ጥሪው ተባለች። ፕሮፌሰር የለ፣ ዶክተር የለ። «እርስዎ» ብሎ ማክበርም በዚያ አገር ቀርቷል፤ ከንጉሣዊው ቤተሰብ በቀር ሁሉም «አንተ» ነው፣ ሁሉም «አንቺ» ነው። እሷ ግን ሽበታም ሰው በስሙ ልትጠራ? አፏ እምቢ አላት። ስለዚህ ለወራት «ይቅርታ» እያለች ነበር ንግግር የምትጀምረው። አስተማሪው ይህች ልጅ ምን አጥፍታ ነው ሁሌ ይቅርታ የምትለኝ ሳይል አይቀርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

የተማሪዎቹ መኖሪያ ለእያንዳንዱ የራሱ ክፍል አለው፤ ወጥ ቤቱ የጋራ ነው። የጋራ ይሁን እንጂ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። አንድ እሑድ ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል፣ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፣ የሰው ድምፅ የለም። ልጅቱ ቡናዋን አፈላች፣ ፈንዲሻዋን አፈነዳች፣ ስኒውን በሰሃን ይዛ የጎረቤቷን በር አንኳኳች። አንድ ረጅም ኖርዌጂያዊ ወጣት ከፈተ።

«ሰላም። ምን ልርዳሽ?»

«ምንም። ቡና እንጠጣ ብዬ ነው።»

«አሁን?»

«ታዲያ መቼ?»

ልጁ ግራ ገባው። ስኒውን ተቀበለ፣ አመሰገነ፣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋ። በማግስቱ ስኒው ታጥቦና ደርቆ በሯ ሥር ተቀምጦ አገኘችው። ቁጭ ብላ አለቀሰች።

እንግዲህ እዚያ የኖሩ ወገኖቻችን ይህን ሲሰሙ «አላልንሽም? ቀዝቃዛ ሰዎች ናቸው» ይላሉ። እኔ ይህን ፍርድ አልቀበልም። ልጁ ጨዋ ነው። ቀጠሮ ሳይኖር፣ ሥራ ሳይኖር ሰው በሩ ላይ ሲቆም አንድ ነገር የተበላሸ ነው የመሰለው፤ ቧንቧ ፈሰሰ ወይ ሰው ታመመ። እኛ የምንተዋወቀው ፊት ለፊት ተቀምጠን ነው። እነሱ ጎን ለጎን ሆነው፣ እጃቸው የሚሠራው ነገር አግኝቶ ነው። ይህን ግን ልጅቱ ያን ጊዜ ማን ይንገራት?

ሴፕቴምበር ገባ። መንገድ ዳር ጠረጴዛ ተዘርግቶ የፕሪም ሣጥን ተደርድሮበታል፤ ዋጋው ተጽፏል፣ የቪፕስ ቁጥሩ ተጽፏል፣ ሻጭ የለም። ሰው ይከፍላል፣ ያነሳል፣ ይሄዳል። ልጅቱ ዘወር ዘወር ብላ አየች፤ ካሜራም የለም። ጫካው ውስጥ ብትገባም «የማን መሬት ረገጥሽ?» የሚላት የለም። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣ ሕግ ያልታረሰ መሬት ላይ ማንም እንዲራመድ፣ እንጆሪና እንጉዳይ እንዲለቅም ይፈቅዳል፤ ከሰው ቤት 150 ሜትር ርቆ ድንኳን መትከልም ይቻላል። መጀመሪያ ሰሞን ውሻ ይመጣብኛል እያለች ድንጋይ በኪሷ ይዛ ነበር የምትሄደው።

አንድ ቀን ሱቁ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየች። በስልኳ የተማረችው ኖርዌይኛ የኦስሎውን አጻጻፍ ነው፤ እዚህ የሚጻፈው ግን ኒኖሽክ ነው። ኢቫር ኦሰን የሚባል የገበሬ ልጅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የገጠሩን አነጋገር መንደር ለመንደር እየዞረ ሰብስቦ ያዋቀረው ነው። በግድም በውድም አነበበችው፦ ቅዳሜ በግ እንሰበስባለን፣ ሰው ያስፈልገናል፣ ጥሩ ጫማና ምሳ ይዛችሁ ኑ። ደቦ መሆኑ ነው። ደቦን ደግሞ የይርጋለም ልጅ ታውቀዋለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሄደች። ገበሬው ስድሳን የተሻገሩ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። እሷ በሆዷ «ጋሼ» ትላቸዋለች። ሁለት ነገር ጠየቋት።

«ጫማሽ ውሃ ያስገባል?»

«አያስገባም።»

«ዳገት ትችያለሽ?»

«ያደግሁት ይርጋለም ነው።»

ሰውዬው ቆም አሉ። «ይርጋለም? አክስቴ እዚያ ነበረች» አሉና ውሻቸውን ጠርተው ወደ ተራራው መንገድ ጀመሩ። በቃ! እናንተ ብትሆኑ እግራቸው ላይ አትወድቁም? «የትኛዋ አክስትዎ? መቼ? እንዴት?» አትሉም? ሰውዬው ግን የቀን ሥራ እያለ የምሽት ወሬ የሚያወሩ ዓይነት አይደሉም።

በጉን ልንገራችሁ። በኖርዌይ በየበጋው ሁለት ሚሊዮን ገደማ በግ ወደ ተራራ ይወጣል። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር እዚያው ሲግጥ ይከርማል፤ እረኛ የለውም። ጆሮው ላይ ቁጥር፣ አንገቱ ላይ ቃጭል አለ፤ አንዳንዱ የት እንዳለ በሳተላይት የሚናገር መሣሪያ ያንጠለጥላል። አውሬው የራሱን ድርሻ ይወስዳል፣ የቀረውን ሰው በመኸር ወጥቶ ይሰበስባል።

«ማን ነው የሚጠብቃቸው?» አለች ልጅቱ እያለከለከች።

«ማንም።»

«ሌባስ?»

ገበሬው ወደ ዳገቱ ቀና ብለው አዩ። «ሌባ ዳገት አይወድም።»

እንግዲህ አስቡት። እኛ አገር ሦስት በግ ያለው ሰው ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ያስጠብቃል። እዚህ ሁለት ሚሊዮኑን ለእግዜር ትተው ሣር አጭደው ይከርማሉ።

ሰው ሁሉ በተራራው ወገብ ላይ ተራርቆ በመስመር ቆመ። ልጅቱ አንድ የድንጋይ ካብ የተናደበት ክፍተት ተሰጣት። «እዚህ ቁሚ። በግ ካየሽ እጅሽን ዘርጊ» ተባለች። ጉሙ ወረደ። ዝናቡ ከላይ፣ ጭቃው ከታች። ከእሷ ወዲያ ያለው ክፍተት ላይ የቆመ ሰው ጥላው ብቻ ይታያል። ከዚያ ጥላው ተጣራ።

«አንቺ ነሽ እንዴ? ባለ ቡናዋ?»

የስኒው ልጅ ነው! ለካ ገበሬው የእናቱ ጎረቤት ናቸው። እና ምን ሆነ መሰላችሁ? በሩን ዘግቶባት የነበረው ልጅ ጉም ውስጥ ቆሞ ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራት። እየጮኸ። እናቱ አረጋውያን ቤት እንደምትሠራ፣ አባቱ ከባሕር ነዳጅ ጉድጓድ ሥራ በየስንት ጊዜው እንደሚመለስ፣ ሶግንዳል የእግር ኳስ ቡድን ልቡን እንዴት እንደሚያቆስለው፣ ፍቅረኛው ትሮንሃይም ሄዳ እንደተወችው። ስለ ፍቅረኛው ሲነግራት ድምፁን እንኳ አልቀነሰም፤ ተራራው ሁሉ ሰማ። እሷም ጮኻ ጠየቀች፣ ጮኻ መለሰች። ቃጭሉ ከጉሙ ውስጥ ሲሰማ ነው ወሬው የተቋረጠው። በጎቹ በአንድ ጊዜ ግር ብለው መጡ፣ እጇን ዘረጋች፣ አንዲት እናት በግ ዓይን ዓይኗን አየቻትና ወደ ታች ታጠፈች፤ ሌሎቹም ተከተሉ።

ምሳ ላይ ልጁ ራሱ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ከቦርሳው በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ አወጣ፤ በላዩ ቡናማ አይብ አለ። አጓቱን ውሃው እስኪያልቅና ስኳሩ እስኪጠቁር አፍልተው የሚሠሩት ነው። ቆርሶ ሰጣት። ጣፋጭ ነው ስትል ጨው፣ ጨው ነው ስትል ጣፋጭ ሆነባት። «ቡናሽ ጥሩ ነበር» አላት፣ ወደ ተራራው እያየ።

ማታ ገበሬው ቤት ሁሉም ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። ፎሪኮል ቀረበ፤ የአገሪቱ ብሔራዊ ምግብ የሚባለው ነው። አጥንት ያለው የበግ ሥጋና ጥቅል ጎመን ተነባብሮ፣ ድፍን ቁንዶ በርበሬ ጣል ጣል ተደርጎበት፣ በውሃና በጨው ለሰዓታት ይንተከተካል። አለቀ፤ ሌላ ቅመም የለም። ልጅቱ ቀመሰች፣ ሥጋውን አደነቀች፣ ከዚያ ዘወር ብላ ከጃኬቷ ኪስ ሚጥሚጣ አወጣች። ዘወር ማለቷ ዋጋ አልነበረውም፤ ሰው ሁሉ አያት፤ ብልቃጧ ጠረጴዛውን ዞራ ባዶዋን ተመለሰች። ዓይናቸው የቀላ ሽማግሌዎች «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» እያሉ ውሃ ሲያወርዱ ነበር ገበሬው ስልካቸውን ያቀበሏት።

ከወዲያ የአሮጊት ድምፅ መጣ፤ «ጤና ይስጥልኝ! የማን ልጅ ነሽ?»

በአማርኛ! ልጅቱ ስልኩን ልትጥለው ነበር።

«ቤታችሁ ከሆስፒታሉ በላይ ነው ወይስ በታች?»

አትገረሙ። የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን በደቡብ ኢትዮጵያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው፤ የይርጋለም ሆስፒታልም የኖርዌጂያውያን እጅ አለበት። ምዕራብ ኖርዌይ ደግሞ የሚሲዮኑ ጠንካራ ደጋፊ አገር ነው። በዚያ ፊዮርድ ዳር ካሉት መንደሮች በአንዳንዶቹ ይርጋለምን፣ ዲላን፣ ያቤሎን እንደ ራሳቸው ቀበሌ የሚያነሱ ጡረተኞች ታገኛላችሁ። እኚህ የገበሬው አክስት በጃንሆይ ዘመን በነርስነት ሄደው ወጣትነታቸውን እዚያ ጨረሱ። አማርኛቸው የዚያ ዘመን አማርኛ ነው፤ ሲዳሙ አፎ ላይ ደግሞ ልጅቱን ያስንቋታል።

ክረምቱ መጣ። በዲሴምበር መጨረሻ ቀኑ 6 ሰዓት አይሞላም፤ ያችኑ ብርሃንም ተራራው ይሻማታል። በዚያ አገር ርዩካን የሚባል ሸለቆ ውስጥ ያለ ከተማ ግማሽ ዓመት ያህል ፀሐይ ስለማያገኝ እ.ኤ.አ. በ2013 ተራራው ላይ ግዙፍ መስታወቶች ተክሎ ብርሃኑን ወደ አደባባዩ አወረደው። ሶግንዳል መስታወት የላትም። አሮጊቷ ግን መድኃኒቱን ያውቃሉ፦ በየጠዋቱ አንድ ማንኪያ የዓሣ ዘይት፣ ጫማ ሥር የሚታሰር ባለ ጥርስ ብረት፣ ልብስ ላይ አንጸባራቂ፣ «ፀሐይ ካለች ትምህርትሽን ጥለሽ ውጪ» የሚል ትእዛዝ። የመጨረሻውን ምክር አስተማሪውም ደግፎታል።

ከክፍል ጋር ፊየርላንድ ሄዳ የበረዶ ግግሩን ያየችው በዚያው ሰሞን ነው። ዩስተዳልስብሬ ይባላል፤ ከዋናው አውሮፓ ምድር ትልቁ ነው፤ እሱም እየሸሸ ነው። በወረቀት ላይ ስታጠናው ቁጥር ነበር። ገበሬው ግን በኋላ ጣታቸውን ቀስረው «አያቴ በረዶው እዚያች ቋጥኝ ጋር ይደርስ ነበር ብሎኛል» ሲሏት፣ ለይርጋለም ሰው ስለ ዝናብ መዛባት እንዴት እንደምትነግረው ገባኝ ትላለች።

አንድ እሑድ አሮጊቷ ካውፓንገር ወሰዷት። ስምንት መቶ ዓመት ያለፈው የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ዛሬም ይቀደስበታል። ልጅቱ ኦርቶዶክስ ናት፤ ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብላ ጫማዋን መፍታት ጀመረች። የኖርዌይ ሰው ጫማውን ለቤቱ ያወልቃል፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ያጠልቃል፤ የእኛ ተቃራኒ ነው። ሌላ ሰው ቢያይ ምን ነካት ይል ነበር። አሮጊቷ ግን ክንዷን ያዝ አድርገው «ተይው ልጄ፣ ወለሉ ይገድልሻል፤ እሱ ያውቅልሻል» አሏት።

የፈረንጆቹ ገና ዋዜማ ሲመጣ ሌላ ጣጣ። እሷ በነቢያት ጾም ላይ ናት፤ እነሱ ደግሞ በጨው የደረቀ የበግ ጎድን በበርች እንጨት ላይ በእንፋሎት አብስለው ጋብዘዋታል። አሮጊቷ ለዘመዶቻቸው ቀድመው ነግረዋል። ለብቻዋ ድንችና ምስር ወጣላት፤ ቅቤ አልነካውም። ማንም «ትንሽ ቅመሺ» ብሎ አልነዘነዛትም። እኛ ቤት ቢሆን ይህ ሰላም ይገኝ ነበር? እኔ እጠራጠራለሁ።

የእኛ ገና በጃንዋሪ 7 ሲደርስ ተራዋ ሆነ። እንጀራው የገብስ ዱቄት ነው፤ እዚያ ጤፍ ባይገኝ ገብስ ሞልቷል። ዶሮው አሥራ ሁለት ብልት ወጣለት። ቡናው የተቆላው በአሮጊቷ በረንዳ ላይ በብርድ ነው፤ መኖሪያዋ ውስጥ አንዴ ቆልታ የጢስ ደወሉ ፎቁን ሁሉ በሌሊት ልብስ ደጅ አውጥቶታል። የስኒው ልጅ መጣ፣ ገበሬው መጡ። አሮጊቷ ቆርሰው አጠቀሱ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አላመጡ። ልጅቱ ምስጋናዋን ትጠብቃለች።

«ልጄ፣ ሽንኩርቱ አልበሰለም።»

«እማማ! ከጠዋት ጀምሬ እኮ ነው የጣድኩት!»

«ይርጋለም ጎረቤቴ ከዋዜማው ነበር የምትጥደው።»

«ያ በከሰል ነው፤ ይሄ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፣ እርስዎም ያውቁታል።»

«ምድጃው ምን አደረገሽ? ቸኩለሽ ነው። ቅቤውም ቀድሞ ገብቷል።»

ሁለቱ በአማርኛ እንዲህ ሲካሰሱ ምንም ያልገባቸው ገበሬው ሦስተኛውን እንቁላል አወጡ።